ለኤል ቶፓዝ ሆቴልና ካዚኖ ፕሬዚዳንት፦ ባለቤቴን ከወለል ላይ ስላነሳቻት ሴት

ለክቡር ሚስተር ትሬቨር ሃልስታይን
የኤል ቶፓዝ ሆቴልና ካዚኖ ፕሬዚዳንት
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎና በፊርማዎ ለሚተዳደሩት ሁለት ሺህ ክፍሎች እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ወገብዎ እንዳይቆረጥምዎ፣ በገዛ ሕንፃዎ ውስጥ ከአሳንሰሩ እስከ ምግብ ቤቱ ያለውን መንገድ በእግርዎ እንዲሄዱ የሚያስገድድ ክፉ ቀንም እንዳይመጣብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴን ዳሌዋን ያማታል፤ እኔም ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል። ይሁንና ከዚህ በታች የምጽፍልዎትን ሁሉ በደንብ ሰምቼዋለሁ።

ዌንደል ስትሩብ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። በባርስቶው ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ አርሊን በዚያው ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ በትርፍ ሰዓቷ ልብስ ትሰፋለች። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ በከተማዎ በአንዲት ጠባብ የጋብቻ ጸሎት ቤት በሩብ ሰዓት ውስጥ ተጋባን፤ የሠርጋችንን እራት የበላነው ግን በእናንተ ቤት ነው። ያን ቀን የአዳራሹ ኃላፊ ሙሽሮች መሆናችንን ሰምቶ አንድ ቁራሽ ኬክ ላይ ሻማ ሰክቶ አመጣልን፤ ሒሳቡን እንዳንከፍልም ከለከለን። ከዚያ ወዲህ ልጃችን ከተወለደችበት ዓመትና ወረርሽኙ ከተማውን ከዘጋበት ዓመት በቀር በየሚያዝያው ሁለት ሌሊት ሳናድር ቀርተን አናውቅም። ቁማርተኞች እንዳንባል አርሊን በዓመት አርባ ዶላር ትይዛለች፣ እስከ ቀትር ትበላዋለች፣ እየሳቀች ትመለሳለች። ቁማር የምንጫወተው ለወጉ ነው፤ የምንመጣው ግን ለቤቱ ነበር።

ይህን መዘርዘሬ ደብዳቤዬ የባዳ ሰው ክስ ሳይሆን የቤተሰብ ምስጋና መሆኑን እንዲረዱልኝ ነው። ምስጋናው ስለ በዛ በተራ ቁጥር ላቀርበው ተገድጃለሁ።

፩. ስለ ዋጋችሁ አመሰግናለሁ። ክፍሉ በቀን አርባ ዘጠኝ ዶላር ነው ብላችሁ በኢንተርኔት አስነገራችሁ፤ እኛም ጡረተኞች ነንና ደስ ብሎን ያዝነው። ስንደርስ ግን ክፍሉ «የሪዞርት አገልግሎት» የሚባል ታናሽ ወንድም እንዳለው፣ ታናሹም በቀን ሃምሳ ሁለት ዶላር እንደሚበላ ተረዳን። ከታላቁ የሚበልጥ ታናሽ በማየቴ ዓለም ገና ብዙ የምታሳየኝ ነገር እንዳላት አወቅሁ። ይህን ያበሰረን ሰው አይደለም። ድሮ እንግዳ ተቀባዮች ይቆሙበት በነበረው ቦታ አሁን ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ከማሽኖቹ ዳር፣ ማሽኖቹ ሲደናገሩ የምታግባባቸው አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። ክፍያው ምንን እንደሚጨምር ስጠይቃት የመዋኛ ገንዳውን ጠቀሰችልኝ።

«ገንዳው ክፍት ነው?» አልኳት።

«እድሳት ላይ ነው፣ ሰር። በግንቦት ይከፈታል።»

«ታዲያ በሚያዝያ የምከፍለው ለምኑ ነው?»

ትንሽ አሰበችና፣ «በመስኮት ሊያዩት ይችላሉ» አለችኝ።

ሰው አክባሪ ሴት ናት፤ በእርሷ አልፈርድም። መስኮታችን የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውን ነበር። ገንዳውን የሚያሳይ ክፍል ሌላ ሠላሳ ዶላር ይጨምራል።

፪. ስለ መኪና ማቆሚያውም አመሰግናለሁ። ያለ ክፍያ ስናቆምበት የኖርነው ሜዳ አሁን በቀን ሃያ ሁለት ዶላር ሆኗል። በበኩሌ መኪናዬ ከእኔ በተሻለ ሁኔታ እንዳረፈች ልመሰክር እችላለሁ። ሰፊ ቦታ አግኝታለች፣ ማንም መጥቶ «እየተጫወትሽ ነው?» አላላትም።

፫. በክፍላችን ስላለው ፍሪጅ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አርሊን ከቅዝቃዜ መለየት የሌለበት የዓይን ጠብታ አላት። ፍሪጁን ብከፍተው እስከ አፉ በቢራና በቸኮሌት ታጭቋል። አንዱን ቢራ አንስቼ የጠብታዋን ጠርሙስ አስገባሁና ቢራውን በጎኑ መልሼ አስተኛሁት። በማግስቱ ጠዋት ሒሳባችንን በቴሌቪዥኑ ስናይ ያልጠጣሁት ቢራ ዐሥራ ስድስት ዶላር፣ «የግል ዕቃ ማስቀመጫ» ደግሞ ሃምሳ ዶላር ተብሎ ተመዝግቧል። ስልክ ደወልሁ።

«ቢራውን እኮ አልጠጣሁትም፣» አልሁ።

«ግን አንስተውታል፣ ሰር።»

«መልሼ አስቀምጬዋለሁ።»

«የፍሪጁ ማሽን ሲያነሱ ያያል እንጂ ሲመልሱ አያይም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለአርሊን ነገርኋትና ሳቀች፤ በዚያ ጉዞ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው ያን ጠዋት ነው። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሚሳቅበት ነገር ነበር። ዋጋ ተወደደ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ በዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ከፍዬ፣ አጉረምርሜ፣ ቤቴ ገብቼ ነበር።

፬. አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ እመጣለሁ፤ ስለሚረዝም ይታገሡኝ።

በሁለተኛው ቀን አርባኛ ዓመታችን ነበር። አርሊን ለዚያ ቀን ብላ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍታለች፤ ክረምቱን ሙሉ ዐረፍ ዐረፍ እያለች የሠራችው ነው። ዳሌዋ ከተቀየረ ስድስት ወሩ ነው። ሐኪሟ «መራመድ ትችያለሽ፤ በየመሀሉ ግን ተቀመጪ» ብሏታል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ እራት ለመብላት ወረድን። ከአሳንሰሩ ወጥተን ወደ ምግብ ቤቱ መሄድ ጀመርን። መንገዱ ቀድሞ ቀጥ ያለ ነበር። አሁን በማሽኖቹ መሀል እንዲጠማዘዝ አድርጋችሁታልና ሰው ሊበላ ሲሄድ መቶ ጊዜ ይፈተናል። ድሮ በመንገዱ ላይ አራት አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ አሁን አንድም የለም። በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ መቀመጫ የተረፈው በቁማር ማሽን ፊት ብቻ ነው።

ከግማሽ መንገድ በላይ እንደ ሄድን አርሊን ክንዴን ጨበጠች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። አጠገባችን ባለው ማሽን ፊት አስቀመጥኋት። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወዲያው መጣ።

«ማም፣ እየተጫወቱ ነው?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው፣» አለችው።

«ወንበሩ ለተጫዋቾች ነው።»

ኪሴ ያለውን ገንዘብ አውጥቼ ማሽኑን አጎረስኩት። ማሽናችሁ ጥሩ መንጋጋ አለው፤ የሰጠሁትን ሁሉ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፈጨው። ገንዘብ የሚወጣበት ባንኮኒ ሩቅ ነው፣ አርሊንን ብቻዋን ትቼ ገንዘብ ላወጣ አልችልም። ጠባቂው ሳይርቅ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ተመልሶ መጣ። «ማም፣» አለ እንደገና። አርሊን በሕይወቷ ሰው እንዲለምንላት የማትወድ ሴት ናትና ከዘራዋን ይዛ ተነሣች። ስድስት ወይም ሰባት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ክቡር ሆይ፣ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ገና ያልታጠበ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በሆቴልዎ ምንጣፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ አይቻለሁ። ሰዎች መጠጣቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ይዞሯት ነበር። እኔ አጎንብሼ ላነሣት ብሞክርም አቅም አጣሁ። ጠባቂው በሬዲዮው፣ «ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፤ መተላለፊያ ዘግቷል» ሲል ሰማሁት። አርሊን ቀና ብላ አላየችኝም። «ዌንደል፣ ቀሚሱን አስተካክልልኝ፤ ጉልበቴ እንዳይታይ፣» ብቻ አለችኝ።

በዚያ ሰዓት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወደ እኛ መጣች። ሉዝ ናት። ሙሉ ስሟ ሉዝቪሚንዳ ካባሊንግ ነው፤ በደረቷ ላይ ያለው የእናንተ ባጅ ግን «ሉዝ» ብቻ ነው የሚለው። ከፊሊፒንስ መጥታ ሃያ ሁለት ዓመት በኤል ቶፓዝ ሠርታለች። ክፍላችንን ታጸዳ በነበረ ጊዜ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ በየገናው ካርድ እንለዋወጣለን። የአርሊንን መዳፍ ነካች፣ ፊቷን አየችና «ለሠራተኞች ብቻ» በሚለው በር ገባች። ስትመለስ ከማረፊያ ክፍላቸው ያመጣችውን ብርቱካናማ የፕላስቲክ ወንበር በብብቷ ይዛለች። እርሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን አርሊንን አነሣናት። ሉዝ የራሷን የውኃ ኮዳ ከፈተችላት፣ ተንበርክካም ጫማዋን አላላችላት።

«አሁን ይረፉ፣ ማም አርሊን፣» አለቻት። «ማንም አያስነሣዎትም።»

በዚህ ቃል ብቻ ተሳስታለች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የአዳራሹ ተቆጣጣሪ መጣች፤ በእጇ ጠፍጣፋ ኮምፒውተር ይዛለች። ወንበሩ የሠራተኞች ንብረት መሆኑን፣ ከቦታው መውጣት እንደሌለበት፣ የሁለት ማሽኖችን መንገድ እንደዘጋም ተናገረች።

«እንግዳ ናቸው እኮ፣» አለቻት ሉዝ።

«እየተጫወቱ አይደለም።»

«እንግዳ ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው?» አለች ሉዝ። የጠየቀችው በንዴት አይደለም፤ መልሱን ማወቅ የምትፈልግ ትመስል ነበር። ተቆጣጣሪዋ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

እራት ሳንበላ ወደ ክፍላችን ተመለስን። አርሊን ቀሚሷን አውልቃ አጥፋ አስቀመጠች፤ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥተን በላን። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ምነው ባልመጣን ኖሮ» አለች።

በማግስቱ ሉዝን ልናመሰግን ፈለግናት። የሥራ ባልደረባዋ ዙሪያዋን ካየች በኋላ፣ «ዛሬ ጠዋት ባጇን ተቀበሏት፤ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች፣» አለችን። አርሊን የገና ካርዶቹን አድራሻ በልቧ ታውቀዋለች። ሻንጣችንን ይዘን ከሆቴሉ ወጥተን ቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድን፤ በከተማው ምሥራቅ፣ አነስተኛ የኪራይ ቤት ነው። በሩን ስትከፍት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሽርጥ አድርጋ፣ እጇ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ፣ «ኧረ መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ፣ ትናንት እኮ ሳትበሉ ነው ያደራችሁት!» አለችን።

ባለቤቷ ሮሄልዮ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። የኤርፖርት መንገደኞች ማመላለሻ ሾፌር የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ስለ ደከሙ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል። ሕክምናው የሚሸፈነው በሉዝ የሥራ ኢንሹራንስ ነው። እኔና እሱ ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ እያወራን፣ ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤት ገቡ። ሉዝ በአገሯ ወግ ለዕድሜና ለትዳር ርዝመት የሚበላውን ረጅም ፓንሲት ሠራች፤ እንደ ፓስታ ያለ ነገር ነው። አርሊን ልትቆርጠው ስትል እጇን ያዘቻት።

«አይቆረጥም፣ ማም! ትዳሩን ይቆርጠዋል።»

«አርባ ዓመት ያልቆረጠውን ሹካ ነው የሚቆርጠው?» አለቻት አርሊን።

የአርባኛ ዓመት እራታችንን በቀትር የበላነው እንግዲህ እንዲህ ነው። ከእራቱ በኋላ ሮሄልዮ ወደ ጓሮ ይዞኝ ወጣና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለጡረታዋ ሦስት ዓመት ነበር የቀራት። ኢንሹራንሷ ደግሞ የእኔን ሕክምና ከዚህ ወር በላይ አያስኬድም። እሷ እንድነግርዎ አትፈልግም፣» አለኝ። ነገሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። አርሊን ያረፈችበት ያ ወንበር የዚህ ሰው ሕይወት ዋጋ ሆኖ ኖሯል።

የሉዝ የሠራተኞች ማኅበር ጉዳዩን ከሆቴሉ ጋር ወደሚደረግ ስብሰባ አመጣው፤ እኛም ምስክር እንሆናለን አልን። ከባርስቶው ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ አርሊን ዳሌዋ ስር ትራስ አድርጋ ሄደች። የእናንተን ጠበቃ ጨዋነት ሳላመሰግን አላልፍም። ሁልጊዜ ፈገግ ይል ነበር።

«ወይዘሮ ስትሩብ፣ ወንበር እንድታመጣልዎ ጠይቀዋት ነበር?» አላት።

«አልጠየቅኋትም።»

«ኃላፊዋስ አዟት ነበር?»

«የለም።»

«ስለዚህ ማንም አላዘዛትም፤ በራሷ ነው ያደረገችው?»

«አዎን፣» አለች አርሊን። «የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ የመጣሁት ይህንኑ ልነግራችሁ ነው። ማንም ሳያዛት ነው ያደረገችው።»

ጠበቃው መልሱን በደስታ ጻፈው፤ ለእሱ ጥፋቷ የተረጋገጠበት ቃል ነበርና። አንድ ዓረፍተ ነገር በጠረጴዛ በዚህኛው ወገን ምስጋና፣ በዚያኛው ወገን ክስ ሆኖ ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሳኔ መጣ፣ ለቸርነታችሁም ምስጋና ይድረሳችሁ። ሉዝ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ጡረታዋም ኢንሹራንሷም አይነካም። ብቻ አንድ ወረቀት ትፈርማለች። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። «ከተመደበልኝ ሥራ ውጭ ለማንኛውም እንግዳ በራሴ ፈቃድ እርዳታ ላለመስጠት ተስማምቻለሁ» ይላል።

ስትፈርም ነበርን። በማኅበሩ ቢሮ፣ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አርሊን «አትፈርሚ» ልትላት አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን ሮሄልዮ አጠገባችን ተቀምጦ ነበርና ዘጋችው። ሉዝ ብዕሩን አነሣች። «በልጅነቴ ቄሱ ፊት የማልኩት የዚህን ተቃራኒ ነው፣» አለች፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው፣ የሳቀ ግን አልነበረም። ከዚያ ፈረመች። ፊርማዋ በጣም የሚያምር ነው፤ ረጋ ብላ፣ አንድም ፊደል ሳትጥል ሙሉ ስሟን ጻፈችው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ቤከር የምትባለውን የመንገድ ዳር ከተማ ካለፍን በኋላ፣ አርሊን «ትንሽ ብታገሥ ኖሮ፣ ዐሥር እርምጃ ብቻ ብጨምር ኖሮ…» አለች። መኪናዋን ዳር አስያዝሁና አቆምሁ። «አንቺ ያደረግሽው ነገር ቢኖር መድከም ነው፣» አልኋት። «ድካምን ወንጀል ያደረገው ሌላ ሰው ነው፤ ስሙንም አውቀዋለሁ፤ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ።» ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በአንድ የጎዳና ዳር ለሚስቴ የገባሁት ቃል ነው።

ልጽፍ መሆኔን ለሉዝ ስነግራት መጀመሪያ ፈራች። ችግር እንዳይመጣባት ማኅበሯን ጠይቄ፣ በስብሰባው መዝገብ ላይ ካለው ውጭ ስለ ሥራዋ አንድም ነገር እንደማልጨምር ቃል ገባሁላት። አንድ ቀን አስባበት መልሳ ደወለች። «እሺ ይጻፉ፣» አለችኝ። «ግን ከጻፉ ስሜን በሙሉ ይጻፉልኝ።» ጽፌዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳይሆንብኝ እደግመዋለሁ፤ ሉዝቪሚንዳ ካባሊንግ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የቢራውን ዋጋ አልጠይቅም፤ በኤል ቶፓዝ ያልተጠጣ ቢራ እንኳ ሒሳብ አለውና። የገንዳውንም አልጠይቅም። አግዳሚ ወንበሮቹን መልሱ አልልም፤ ቦታቸውን የያዙት ማሽኖች የሚያስገቡትን አውቃለሁ። የምጠይቀው ያን ወረቀት ከማኅደሯ አውጥተው እንዲቀድዱልኝ ነው። እርስዎ ሳያዙ የተጻፈ ከሆነ፣ ማን እንደ ጻፈው ጠይቀው ይረዱ፤ ራስዎ ያዘዙት ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ በቢሮዎ ሰው ሳይኖር ቢሆንም ይበቃኛል። ሉዝ የፈረመችው ግድ ሆኖባት ነው። እኔ ግን ምንም ወረቀት አልፈረምሁም፤ ኢንሹራንሴም በእጅዎ አይደለም። ስለዚህ በየሳምንቱ እጽፋለሁ። ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስድሳ ልጆች ከኋላዬ ሲጮኹ ስነዳ የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ የእርስዎ ዝምታ አያደክመኝም።

ቤትዎ ይድመቅ፤ ማሽኖችዎ አይራቡ፤ ባለ አክሲዮኖችዎ በሰላም ይደሩ። እርጅና በሚመጣብዎ ጊዜ በቀስታ ይምጣብዎ፤ ሲመጣም እርስዎ ባልገዙት ቤት፣ እርስዎ ባልቀጠሩት ሰው አጠገብ ያግኝዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ አርባ ዓመት እንግዳዎ ነበርሁ ብዬ አስብ የነበርሁት፣

ዌንደል ስትሩብ
ባርስቶው፣ ካሊፎርኒያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት ለእርስዎ ቀድሞ ቢደርስ ጨዋነት ነው ብዬ በሆቴልዎ ስልክ ደውዬ ነበር። ከረጅም ሙዚቃ በኋላ አንዲት ሴት አነሣች። ፕሬዚዳንቱን እንደማታገናኝ፣ ክፍል ልይዝ ከፈለግሁ ግን ልትረዳኝ እንደምትችል በትሕትና ነገረችኝ። ጉዳዬ የአንዲት ሠራተኛችሁ ጉዳይ ነው ብዬ ስሟን ጠራሁላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሉዝቪሚንዳ? ይህ እኮ የአገሬ ሰው ስም ነው። እኔ ያለሁት ማኒላ፣ ፊሊፒንስ ነው፣ ሰር፣» አለችኝ። ላስ ቬጋስ የደወልሁ መስሎኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ አንዴም አላቋረጠችኝም። ጥሪው እንደሚቀዳ፣ ከአራት ደቂቃ በላይ ለአንድ ሰው ማውራትም እንደሚያስቀጣት ከነገረችኝ በኋላ ሃያ ደቂቃ አዳመጠችኝ። በመጨረሻም፣ «ማም አርሊን አሁን እንዴት ናቸው? ዳሌያቸው ተሻላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከቤትዎ ሰዎች መካከል ይህን የጠየቀችን እርሷ ብቻ ናት። ስሟን ሳልጠይቃት ስልኩ ተዘጋ፤ የደወልሁበትን ቀንም ረስቻለሁ። ቢሆንም ፈልገው ያገኟት ይሆናልና፣ እባክዎ፣ እርሷንም አያስፈርሟት።